የግራፊክስ ካርድ ፋን፦ በሶፍትዌር ልዘዘው ወይስ በሃርድዌር? ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሞክሬ ያየሁት

ጥር ላይ ነው ነገሩ የጀመረው። እኔ ደሴ ነው ያለሁት፣ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት እያደረኩ ነው የምኖረው፣ ጥር ደግሞ ታውቃላችሁ የአንዱ ድንኳን ሳይነቀል የሌላው ይተከላል፣ ስለዚ ማታ ሬንደር (ኤዲት የተደረገው ቪዲዮ ወደ አንድ ፋይል የሚወጣበት ስራ) ሰጥቼ እተኛና ጠዋት ተነስቼ ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ። አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብንን ስል ኮምፒውተሩ ፀጥ ብሏል። ሬንደር ላይ ያለ ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ፀጥ አይልም! ተነስቼ ኬዙን ስነካው ምጣድ ሆኗል፣ ስክሪኑን ሳበራው ፋኑ 35 በመቶ ላይ ተቸንክሯል፣ ሙቀቱ 83 ዲግሪ ላይ ተጣብቋል፣ ካርዱ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ቀንሶ ቀንሶ ሬንደሩ እየተንፏቀቀ ነው። ማን አደረገው? እኔው ነኛ። ማታ ፊልም ሳይ ጩኸቱ ስለረበሸኝ በእጄ 35 ላይ አሰርኩት፣ ከዛ ሳልፈታው ሬንደር ሰጥቼ ተኛሁ። ጠዋት የሙሽራው ወንድም መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር፣ ቪዲዮው ግን ገና ግማሽ ላይ ነው። ምን እንደተባባልን አልነግራችሁም።

ከዛ ቀን ጀምሮ ይሄን የፋን ነገር በደንብ ገባሁበት። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ኮምቦልቻ ጌም ዞን አለው፣ የሱን ማሽኖችም እያየሁ እኔ ጋር ያለውና እሱ ጋር ያለው ችግር አንድ እንዳልሆነ አየሁ። ስለዚ "የቱ ይሻላል" ለሚለኝ ሰው አንድ መልስ የለኝም፣ ግን የትኛው ለየትኛው ሰው እንደሚሆን አሁን በደንብ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ "ሃርድዌር" ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እንግባባ፣ ምክንያቱም ሰው ሁለት የተለያየ ነገር ነው በአንድ ስም የሚጠራው። አንዱ ካርዱ ራሱ ይዞት የሚመጣው ነው። ካርዱ ላይ ባዮስ የሚባል ካርዱን የሚያስነሳ ትንሽ ፕሮግራም አለ፣ እዛ ውስጥ ፋብሪካው "ሙቀቱ ይሄን ያህል ሲደርስ ፋኑ ይሄን ያህል ይዙር" ብሎ የጻፈው ሰንጠረዥ አለ፣ እሱን ነው ከርቭ የምንለው። ዊንዶው ተነሳ አልተነሳ፣ ፕሮግራም ኖረ አልኖረ ካርዱ በዚህ ይሄዳል። ሁለተኛው ደግሞ ከውጭ የሚገጠም ዕቃ ነው፣ በጣት የሚዞር ማዞሪያ ያለው ኮንትሮለር፣ ወይ ሙቀት የሚለካ ትንሽ ሽቦ ያለው ቦርድ፣ ወይ የካርዱን ፋን አውልቆ በ120 ሚሊ ሜትር የኬዝ ፋን መቀየር። እነዚህ ሁለቱ ሰማይና ምድር ናቸው። አንደኛውን እኔ አምነዋለሁ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ለአብዛኛው ሰው አልመክርም፣ ለምን እንደሆነ ወደታች እመጣበታለሁ።

ሶፍትዌሩ ደግሞ እንዲህ ነው የሚሰራው። ካርዱ ውስጥ ያለው ሴንሰር ሙቀቱን ለድራይቨሩ (ዊንዶውን ከካርዱ ጋር ለሚያገናኘው ፕሮግራም) ይናገራል፣ ድራይቨሩ ለፕሮግራሙ ይነግረዋል፣ ፕሮግራሙ አንተ የሳልክለትን ከርቭ አይቶ "60 በመቶ አርገው" ይላል፣ ትእዛዙ በድራይቨሩ ተመልሶ ካርዱ ጋ ይደርሳል። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ብዙ ሰው የሚያውቀው ነው፣ ስሙ የኤምኤስአይ ይሁን እንጂ የጊጋባይትም የአሱስም የሳፋየርም ካርድ ላይ ይሰራል፣ ነፃ ነው። በነባሪው በየ5 ሰከንዱ ነው ሙቀቱን አይቶ ፋኑን የሚያስተካክለው፣ ለፋን በቂ ነው። ሌላው ፋን ኮንትሮል የሚባለው ነው፣ እሱም ነፃ ነው፣ የሱ ሸጋነት የካርዱን ሙቀት አይቶ የኬዙን ፋኖችም አብሮ ማዘዝ መቻሉ ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ማዘርቦርዱ ብቻውን ሲሆን የኬዝ ፋኖችን የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ የሲፒዩን (የዋናውን ፕሮሰሰር) ሙቀት አይቶ ነው፣ ጌም ስትጫወት ወይ በካርድ ሬንደር ስታደርግ ግን የሚነደው ካርዱ ነው፣ ሲፒዩው ዘና ብሎ ተቀምጦ የኬዝ ፋኖቹም አብረውት ተኝተው ካርዱ ብቻውን የራሱን ትኩስ አየር እየማገ ይቀራል። እኔ ፋን ኮንትሮልን ጭኜ የፊት ፋኖቹን ከካርዱ ሙቀት ጋር ሳያይዛቸው የካርዱን ፋን ራሱን ከመጨመር የበለጠ ለውጥ ነው ያየሁት።

እዚጋ ግን ሰንሰለቱን አስተውሉት። ሴንሰር፣ ድራይቨር፣ ፕሮግራም፣ ድራይቨር፣ ካርድ። መሃል ላይ ያለው ፕሮግራም ቀጥ ካለ ወይ ዊንዶው ከተንጠለጠለ ፋኑ መጨረሻ የታዘዘው ላይ ሊቀር ይችላል። አፍተርበርነርን በሰላም ስትዘጋው ለካርዱ ስልጣኑን ይመልስለታል፣ ተመትቶ ሲወድቅ ግን ማን ይመልስ? መጨረሻ የታዘዘው ደግሞ 30 በመቶ ከሆነና ሬንደሩ ከቀጠለ እንደ እኔ ሌሊት ትሆናላችሁ። ካርድ በዚህ ምክንያት በአንዴ ይቃጠላል ማለቴ አይደለም፣ ሲሞቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ በጣም ካለፈ ደግሞ ራሱን ያጠፋል፣ ለምሳሌ ኤንቪዲያ ለጂቲኤክስ 1060 ካርዱ ያስቀመጠው ከፍተኛ ሙቀት 94 ዲግሪ ነው። ስራህ ግን ይቆማል፣ ዙሪያውን ያለው ሜሞሪና የኃይል ክፍልም አብሮ ይጋገራል፣ እነሱን ደግሞ ብዙ ካርድ ላይ ዋናው የሙቀት ቁጥር አያሳይህም።

የኤኤምዲ ካርድ ያላችሁ ሰዎች ትንሽ የተለየ ነው ነገራችሁ። አድሬናሊን በሚባለው የኤኤምዲ የራሱ ፕሮግራም ላይ ከርቭ ስትስሉ አዳዲሶቹ ካርዶች ላይ ነጥቦቹ ወደ ካርዱ ይወርዱና ካርዱ ራሱ ነው የሚከተላቸው፣ ስለዚ ፕሮግራሙ ተከፍቶ መቀመጥ የለበትም። ግማሽ ሶፍትዌር ግማሽ ሃርድዌር በሉት። ወሎ ውስጥ ሆነን ግን አንድ ጣጣ አለው፣ እሱም መብራት ነው።

መብራት ሲሄድ ምን ይሆናል

ይሄን ለብቻ ላውራው ምክንያቱም የፈረንጅ ቪዲዮዎች ላይ አታገኙትም፣ እነሱ ጋ መብራት አይሄድማ።

መብራት ድንገት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ በስርዓት አልተዘጋም። መብራት መጥቶ ሲነሳ አድሬናሊን "ባልታሰበ የሲስተም ችግር ምክንያት ቅንብሩ ወደ ነባሪው ተመልሷል" የሚል መልእክት ያወጣና የሳልከውን ከርቭ ጠርጎ ይጥለዋል። ኦቨርክሎኩ (ካርዱን ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ ማስሮጡ) ወይም ቮልቴጁ ነው ያወደቀው ብሎ ነው የሚጠረጥረው፣ መብራት ኃይልን ከየት ይወቃት! የአክስቴ ልጅ ጋ አርኤክስ 580 የሚባለው የኤኤምዲ ካርድ ያላቸው ማሽኖች አሉ፣ ጠዋት ከርቭ አስተካክለን ከሰዓት መብራት ሄዶ ሲመለስ ሁሉም ነባሪ ላይ ናቸው፣ በሳምንት ስንቴ ነው እንግዲህ እየዞርክ የምታስተካክለው። መፍትሄው ያስተካከልከውን ፕሮፋይል ፋይል አርጎ ሴቭ ማድረግና ሲጠፋ መጫን ነው፣ ወይ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ)፣ ወይ ደግሞ ተስፋ ቆርጦ የካርዱን የራሱን ከርቭ ማመን። እሱ ሦስተኛውን ነው የመረጠው፣ እኔም አልፈርድበትም።

አፍተርበርነር በዚህ በኩል ይሻላል፣ ከዊንዶው ጋር አብሮ እንዲነሳና ቅንብሩን እንዲጭን ምልክት ካደረጋችሁበት መብራት ሲመጣም ይመለሳል። ግን ይሄም የሚሰራው ዊንዶው ገብቶ ሎግኢን ከተደረገ በኋላ ነው። ፓስወርድ ያለበት ማሽን ብቻውን ተነስቶ ሎግኢን ገጹ ላይ ከቆመ ፕሮግራምህ አልተነሳም፣ ካርዱ በፋብሪካው ከርቭ ነው እየሄደ ያለው። ስለዚ የፋብሪካው ከርቭ ምን ጊዜም መሬቱ ነው፣ ሶፍትዌር ከላዩ የሚነጠፍ ምንጣፍ ነው። ምንጣፉ ሲነሳ መሬቱ ምን እንደሚመስል ማወቅ አለብህ፣ አንድ ቀን አፍተርበርነርን ዝጉትና ካርዳችሁ ብቻውን በሙሉ ስራ ላይ ሆኖ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚቆም እዩት። 75 ላይ ከቆመ ብዙ አትጨነቁ። 85ን ካለፈ ችግሩ ከርቭ ላይሆን ይችላል፣ አቧራ ነው ወይ ቴርማል ፔስቱ (ቺፑ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ደርቋል።

ከፍታውና አቧራው

ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባህር ዳርቻው አየር ጋር ሲነጻጸር ከ20 በመቶ በላይ ይሳሳል። ፋኑ 1,800 አርፒኤም ላይ እዚህም ሆነ ጅቡቲ ያው 1,800 ነው የሚዞረው፣ በየዙሩ የሚገፋው አየር መጠንም ያው ነው፣ ግን የሚገፋው አየር ክብደቱ ስለሚያንስ ይዞት የሚሄደው ሙቀትም ያንሳል። ስለዚ ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰው "በ50 በመቶ ፋን 68 ዲግሪ አገኘሁ" ሲል እዚህ ያንኑ አትጠብቁ። ደግነቱ ደሴ ብርድ ናት፣ ጦሳ ጉሙን ሲለቅብን ክፍሉ ውስጥ ካፖርት ለብሰን ነው የምንሰራው፣ ያ የቀነሰውን ይክሰናል። ከሐረጎ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከፍታው 1,850 ገደማ ይሆናል፣ አየሩ ትንሽ ይወፍራል፣ ግን ሙቀቱም ይመጣል። ከሚሴና ቆቦ ያላችሁ ደግሞ ሙቀቱን እናንተው ታውቁታላችሁ፣ ለናንተ ከርቩን ከኔ ከፍ አርጉት።

አቧራው ግን የሁላችንም ነው። ጌም ዞኑ በሩ መንገድ ላይ ነው፣ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር የሚገባው ገብቶ ሙቀቱን በሚያስወጡት የካርዱ የብረት ክንፎች መሃል እንደ ድሪቶ ይደራረባል። ቤት ውስጥ ያለው ደግሞ የባሰ ነው፣ ቡና ይፈላል፣ ከሰሉ ይጨሳል፣ እጣን ይጨሳል፣ የእጣን ጭስ ደግሞ ደረቅ አቧራ አይደለም የሚያጣብቅ ነገር አለው፣ ፋኑ ምላስ ላይ ቡናማ ሆኖ ይለጠፍና ከላዩ አቧራው ይጋገርበታል። እማዬን "ቡናውን ወደዛ" ብያት "ኮምፒውተርህን ወደዛ" ብላኛለች፣ ያስኬዳል። ለማለት የፈለኩት ፋን በሶፍትዌርም አዘዝከው በሃርድዌር የተደፈነ ክንፍ መሃል አየር አያልፍም። 100 በመቶ ብታዞረው ጩኸት ብቻ ነው የምታተርፈው። ከርቭ ከመሳላችሁ በፊት ካርዱን አውጡና በብሩሽና በአየር አጽዱት፣ ስትነፉት ፋኑን በጣት ያዙት፣ በንፋሱ በሀይል እንዳይዞር፣ ኩሽኔታውም ሊጎዳ ይችላል፣ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ወደ ካርዱ ኤሌክትሪክም ሊመልስ ይችላል።

የካርዱ የራሱ ከርቭ፣ ጥሩውና የሚያናድደው

ጥሩውን ብያለሁ፣ ምንም አይጠይቅም፣ ዊንዶው ቢፈነዳም ይሰራል፣ ሊኑክስ ብትጭንም ይሰራል። የሚያናድደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ብዙ አዳዲስ ካርዶች ሙቀቱ ዝቅ ሲል ፋኑን ጭራሽ ያቆሙታል፣ እንደ ካርዱ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መሃል ነው የሚነሳው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ፋኑ ዞር ብሎ ከቆመባችሁ አልተበላሸም፣ ተረጋጉ፣ በዚህ ምክንያት ብቻ ካርድ "ተበላሽቷል" ተብሎ በርካሽ የሸጠ ልጅ አውቃለሁ። ለፀጥታ ሸጋ ነው፣ ግን ሞቃት ክፍል ውስጥ ቪዲዮ እያየህ ብቻ ካርዱ 55 ላይ ይጎለታል፣ ከዛ ደግሞ መነሻው ዲግሪ ጫፍ ላይ ሆኖ ፋኑ ይነሳል ይቆማል ይነሳል ይቆማል፣ እንደሚያቃስት ሰው። ሁለተኛ ደግሞ ፋብሪካው ከርቩን የሚስለው ለጩኸት ተጨንቆ ነው፣ ትንሽ ሙቀት ታግሶ ፀጥ ማለትን ይመርጣል። ላንተ ቢጮህ ግድ የሌለህ ከሆነ እሱ የመረጠልህ ያንተ ምርጫ አይደለም።

ከሶፍትዌር በፊት ግን ካርዳችሁ ጎን ላይ ትንሽ ስዊች እንዳለ እዩ። የተወሰኑ ካርዶች ሁለት ባዮስ አላቸው፣ አንዱ ፀጥ ያለ አንዱ ፈጣን፣ የሳፋየር ናይትሮ ፕላስ አርኤክስ 580 ላይ ለምሳሌ አለ። ማሽኑን አጥፍታችሁ ስዊቹን ትገፉና ታበራላችሁ፣ በቃ፣ ምንም ፕሮግራም ሳትጭኑ ሌላ ከርቭ አገኛችሁ። መብራት ቢሄድ፣ ዊንዶው ቢፎርማት አይጠፋም። ለጌም ዞን ከዚህ የተሻለ የለም።

አርኤክስ 580ን ካነሳን አይቀር፣ ያገለገለ ካርድ የምትገዙ ሰዎች ስሙኝ። ኢትሪየም የሚባለው የዲጂታል ገንዘብ መስከረም 2015 ላይ፣ እነሱ 2022 በሚሉት፣ በካርድ መቆፈርን (ካርዱን እያሰሉ ገንዘቡን ማግኘትን፣ ማይኒንግ የሚሉትን) ሲያቆም ለዚህ ሲሰሩ የከረሙ ካርዶች ዓለምን አጥለቀለቁ፣ የተወሰነው እኛም ጋ ደርሷል። ማይኒንግ ላይ የነበረ ካርድ ቀን ከሌት ስለዞረ መጀመሪያ የሚደክመው ፋኑ ነው። እና የዚህ ትውልድ የኤኤምዲ ካርዶች ባዮሳቸው በቀላሉ ስለሚቀየር የቀድሞው ባለቤት የራሱን ባዮስ ጭኖበት ሊሆን ይችላል፣ የፋኑም ከርቭ አብሮ ተነካክቶ። እኔ አንዱን ከአንድ ሻጭ ገዝቼ "ያልተነካ" ተብዬ ስከፍተው ፋኑ 80 ዲግሪ ሳይሞላ ከሹክሹክታ አያልፍም ነበር፣ ስዊቹን ወደ ሁለተኛው ባዮስ ስገፋው ሰው ሆነ። ከጂቲኤክስ 1000 ጀምሮ ያሉት የኤንቪዲያ ካርዶች ባዮሳቸው በፋብሪካው ዲጂታል ፊርማ የተቆለፈ ስለሆነ በቀላሉ አይቀየርም፣ ከዚህ አንፃር ያገለገለ ሲገዛ ኤንቪዲያ ትንሽ ያስተማምናል፣ ባዮስ ኤዲት አርጌ የራሴን ከርቭ ልጻፍበት ለሚል ሰው ደግሞ በሩ ጠባብ ነው ማለት ነው።

ከውጭ የሚገጠመው

አሁን ወደ ሁለተኛው ሃርድዌር ልምጣ። በጣት የሚዞረው ማዞሪያ ሲያዩት ያምራል፣ የድሮ ራዲዮ ይመስላል። ችግሩ ስለ ሙቀት የሚያውቀው ነገር የለም። ሴንሰሩ አንተ ነህ፣ አንተ ደግሞ ትተኛለህ። የኔ የዛ የጥር ወር ሌሊት ጥፋት በትክክል ይሄ ነበር፣ በሶፍትዌር ማዞሪያ ሰራሁና ረሳሁት። ስለዚ ማዞሪያን ለኬዝ ፋን አርጉት፣ የካርድ ፋን ላይ አታርጉት። አንድ ሰው የግድ ካለኝ ካርዱ በሙሉ ስራ 80 የማያልፍበትን ዝቅተኛውን ቦታ ፈልጎ ምልክት ያርግበትና ከዛ በታች እንዳያወርደው።

ሙቀት የሚለካ ሽቦ ያለው ኮንትሮለር ከሱ ይሻላል፣ ግን ሽቦውን የምትለጥፈው ክንፉ ላይ ወይ ጀርባው ላይ እንጂ ቺፑ ውስጥ አይደለም። ቺፑ 75 ሲሆን ክንፉ ከሱ በብዙ ዝቅ ብሎ ነው ያለው፣ ደግሞም ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። ስለዚ ኮንትሮለሩ ላይ "70 ሲደርስ ሙሉ ዙር" ብትለው ቺፑ ጣሪያ ነክቶም ላይነሳ ይችላል። የካርዱን ሙቀት በሶፍትዌር እያያችሁ ጎን ለጎን ሽቦው ስንት እንደሚያነብ ጽፋችሁ ነው ቁጥሩን የምታወጡት፣ ግማሽ ቀን ይበላል።

ሦስተኛው የካርዱን ፕላስቲክ ሽፋንና ፋን አውልቆ በሁለት 120 ሚሊ ሜትር ፋን መቀየር ነው። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ጥሩ ይሰራል፣ ትልቅ ፋን በዝግታ ዞሮ ተመሳሳይ አየር ስለሚሰጥ ፀጥታው ሌላ ነው። በተለይ የካርዱ ፋን ሞቶ ትክክለኛው መለዋወጫ ሲጠፋ፣ መለዋወጫ ደግሞ እዚህ ፈልጎ ማግኘት ያው ከአዲስ አበባ በመኪና እስኪላክ መጠበቅ ነው፣ ከእጅ ያለውን የኬዝ ፋን በፕላስቲክ ማሰሪያ አስሮ ማስነሳት ብዙ ካርድ አድኗል። ጥያቄው ሽቦውን የት ትሰካዋለህ ነው። ማዘርቦርድ ላይ ከሰካኸው ቅድም ያልኩት ይመጣል፣ የሲፒዩን ሙቀት ነው የሚከተለው፣ ያኔ ፋን ኮንትሮልን ጭነህ ከካርዱ ሙቀት ጋር ማያያዝ አለብህ። ካርዱ ላይ መሰካት ከሆነ የካርዱ ሶኬት ትንሹ ዓይነት ባለ 4 ፒን ስለሆነ ማገናኛ ሽቦ ያስፈልጋል፣ በሱ ካገናኘኸው ግን ከሁሉም ይበልጣል፣ ምክንያቱም አዲሱን ፋን የሚያዘው ካርዱ ራሱ ነው፣ መብራት ሄደ መጣ ምንም አይመስለውም። ካርዱ ሶኬት ላይ ግን ብዙ ፋን አትደርድሩበት፣ የድሮውን ፋን አምፔር ከጀርባው አንብቡና አዲሶቹ ተደምረው ከሱ እንዳይበልጡ። አንዳንድ የአሱስ ስትሪክስ ካርዶች ደግሞ ጭራቸው ላይ ለኬዝ ፋን ብለው ትልቅ ባለ 4 ፒን ሶኬት ይዘው ይመጣሉ፣ የኬዝ ፋን በካርዱ ሙቀት እንዲሄድ፣ ያላችሁ ሰዎች ተጠቀሙበት፣ ብዙ ሰው አይቶት አያውቅም።

ላፕቶፕ ያላችሁ ይሄን ሁሉ እርሱት። ላፕቶፕ ላይ ፋኑን የሚያዘው ሌላ ቺፕ ነው፣ አፍተርበርነር ላይ የፋኑ ቦታ ደብዝዞ አይነካም፣ አምራቹ የራሱ ፕሮግራም ካለው በሱ ነው፣ ከሌለው ከስር ከፍ አርጎ ማስቀመጥና ማጽዳት ነው።

እንግዲህ ማን ምን ይምረጥ

ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀምጠህ የምትሰራ ከሆነ፣ ያንተው ብቻ ከሆነ፣ ሶፍትዌር። ምንም ብር አያስወጣም፣ ካልወደድከው ትዘጋዋለህ። ግን ከርቭ ሳል እንጂ እንደ እኔ አንድ ቁጥር ላይ አትሰር። ማሰር የሚባለውን ነገር ለፈተና ብቻ ተጠቀሙበት።

ማሽኑ የሰው መጫወቻ ከሆነ፣ ጌም ዞን፣ የፎቶ ቤት፣ ስልጠና ማዕከል ምናምን፣ የካርዱን የራሱን ከርቭ ተዉት፣ ባለ ሁለት ባዮስ ከሆነ ፈጣኑ ላይ አርጉት፣ ገንዘባችሁን ደግሞ ፊት ለፊት ሁለት ጥሩ የኬዝ ፋን ላይ አውሉት። የአክስቴ ልጅ ጋ አንድ ልጅ ጌሙ ሲንቀራፈፍበት አፍተርበርነር ገብቶ የነካካውን ለማስተካከል ሐረጎን ወርጄ ሄጃለሁ። ፕሮግራሙ ከሌለ የሚነካካ የለም።

ሌሊት ብቻውን የሚሰራ ማሽን ላይ እኔ አሁን ሁለት ነገር ደርቤ ነው የማደርገው። አንደኛው፣ ላለችኝ ጂቲኤክስ 1060 አፍተርበርነር ላይ የሳልኩላት ከርቭ 40 ዲግሪ ላይ 30 በመቶ፣ 60 ላይ 45፣ 70 ላይ 60፣ 78 ላይ 80፣ 84 ላይ 100 ነው። ከቡና ጋር ተቃራኒ ነው በሉት፣ ቡና አቦሉ ነው ጠንካራው በረካው ይቀጥናል፣ ፋን ግን መጨረሻው ዙር ላይ ነው መጠንከር ያለበት። የታችኛው ጫፍ 30 ላይ የሆነው ብዙ የኤንቪዲያ ካርዶች በሶፍትዌር ሲታዘዙ ከሱ በታች እሺ ስለማይሉ ነው። የእናንተ ካርድ ፋኑን የሚያቆም ዓይነት ከሆነና ማቆሙን ከወደዳችሁት አፍተርበርነር የፋን ገጹ ላይ ዜሮውን ለካርዱ ከርቭ የሚተውለት ምርጫ አለ፣ እሱን ምልክት አርጉበት። ሂስቴሪሲስ የሚለውን ደግሞ 4 ወይም 5 አድርጉት፣ ሙቀቱ 5 ዲግሪ ሳይወርድ ፋኑን አይቀንስም ማለት ነው፣ ያ መነሳት መቆሙ፣ ከፍ ዝቅ ማለቱ በዚህ ነው የሚጠፋው። ከዚህ በፊት የኔ ፋን ሌሊቱን ሙሉ ባቲ ቅኝት ሲያንጎራጉር ነበር የሚያድረው።

ሁለተኛው፣ ሬንደር ሰጥቼ ከመተኛቴ በፊት የማደርገው ነው፣ አስር ደቂቃ ቁጭ ብዬ ሙቀቱ የት ላይ እንደሚቆም አያለሁ። በፊት ፔስቱን ሳልቀይር 80 ላይ ነበር የሚቆመው፣ ቀይሬና አጽድቼ በዛው ከርቭ 71 ሆነ፣ ፋኑም 60 በመቶ አካባቢ ነው የሚያድረው። ኮምፒውተሩ ካለበት ክፍል እስከ አልጋዬ አንድ ግድግዳ ነው ያለው፣ አሁን የማልሰማው እንቅልፌ ስለከበደ ነው ወይ እሱ ስለቀነሰ እማዬን ጠይቄያት "የሚጮኸውስ አንተ ነህ" ብላኛለች።